ልኩን ያለፈ ቁራጭ፦ በቤት ወርክሾፕ በተሠራ የእንጨት ቶርኖ ዘንግና የኩሽኔታ ቤት ላይ የተፈጠሩ የልኬት ስህተቶችና እርማታቸው

አኅጽሮት

ይህ አጭር ጽሑፍ በቤት ወርክሾፕ ለተሠራ አነስተኛ የእንጨት ቶርኖ የተዘጋጁ ሁለት ክፍሎች፣ ማለትም ዋናው ዘንግና የኩሽኔታ ቤቱ፣ በሥራ ላይ ከልካቸው ወጥተው የታረሙበትን ሂደት ይመረምራል። የዘንጉ የኋላ መቀመጫ ከሚፈለገው በላይ ቀጥኖ፣ የቤቱ የፊት ቀዳዳ ደግሞ ሰፍቶ ነበር። በነጥብ ምት፣ በብየዳ፣ በማጣበቂያና በቡሽንግ የማረም አማራጮች ተመዝነዋል። በመጨረሻም የኩሽኔታ መጠኖች ዓለም አቀፍ ደረጃ ያላቸው መሆኑን በመጠቀም፣ የተበላሸውን ልኬት ወደ ጎረቤት ኩሽኔታ መጠን የማዛወር ዘዴ ተመርጧል።

መግቢያ

በማምረቻ ምሕንድስና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ከተፈቀደለት ልኬት የወጣ ክፍል ዕጣው ሁለት ነው፤ ወይ በድጋሚ ይሠራል፣ ወይ ይጣላል። በብዛት ለሚያመርት ፋብሪካ ይህ አከፋፈል ትክክል ነው፤ አንድ ዘንግ ቢጣል ቀጣዩ ከኋላው እየመጣ ነውና። ለራሱ አንድ ነጠላ ማሽን የሚሠራ ሰው ግን የሚከተል ዘንግ የለውም። ብረቱን የገዛው ከመርካቶ በክንድ ተለክቶ ነው፤ ቅዳሜና እሑድን ሠርቶበታል፤ ሌላው ክፍል ሁሉ በዚያው ዘንግ ልክ ተዘጋጅቷል። ስለዚህ «ይጣል» የሚለው ብይን ከብረቱ ዋጋ በላይ ያስከፍለዋል።

በሌላ በኩል መጣል ያለበትን ክፍል ማዳን አደጋ አለው። በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞር ዘንግ ላይ አምስት ኪሎ እንጨት ታስሮ፣ ከፊት ለፊቱ ሰው ቆሞ ይሠራል። በመሆኑም የእርማቱ ጥያቄ «እንዴት አድርጌ ላትርፈው?» ከሚለው ቀድሞ «መትረፍ ይገባዋልን?» በሚለው ይጀምራል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል የተደረገውን አመዛዘን በቁጥር አስደግፎ ለማሳየት ይሞክራል። ስህተቶቹ የራሴ ስለሆኑ ለመተንተን የማንንም ፈቃድ አላስፈለገኝም።

ስለ ቃላት አጠቃቀም አንድ ማስታወሻ አለኝ። የወርክሾፖቻችን ቋንቋ ከጣልያንኛ ብዙ ወርሷል፤ ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ኩሽኔታ፣ ፑሌጃ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን የሚሉት ቃላት ከማንኛውም አዲስ ስያሜ ይልቅ በባለሙያዎች ዘንድ ይታወቃሉ። እኔም እነዚህኑ ተጠቅሜአለሁ።

የክፍሎቹ ንድፍ

የእንጨት ቶርኖው ዋና ዘንግ በሁለት 6204 ኩሽኔታዎች ላይ እንዲያርፍ ታስቦ የተነደፈ ነው። የዚህ ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳ 20 ሚሜ፣ የውጭ ዲያሜትር 47 ሚሜ፣ ስፋቱ 14 ሚሜ ነው። የውስጥ ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር ስለሚዞር በጥብቅ መያዝ አለበት። ስለሆነም ለመቀመጫው በአይኤስኦ 286 መሠረት ኬ6 የተባለው ቶለራንስ ተመረጠ፤ ይኸውም ከ20.002 እስከ 20.015 ሚሜ ማለት ነው። የኩሽኔታው ቤት ከአንድ የአሉሚኒየም ብሎክ የተቦረቦረ ሲሆን ለ47 ሚሜ ቀዳዳዎቹ ኤች7፣ ማለትም ከ47.000 እስከ 47.025 ሚሜ፣ ተፈቅዶላቸዋል። የፊት መቀመጫውና የኋላ ቀዳዳው በልካቸው ወጡ። ቀሪዎቹ ሁለቱ ግን አልወጡም።

ዘንጉ እንዴት ቀጠነ

የኋላው መቀመጫ 20.07 ሚሜ ሲደርስ 0.06 ሚሜ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። የምሠራበት አነስተኛ የብረት ቶርኖ የመስቀለኛ ተንሸራታቹ ቁጥር ዲያሜትርን የሚያመለክት ነው። ቁጥሩን በ0.06 አስገብቼ ባስኬደው ማይክሮሜትሩ 20.05 አነበበ። ከታዘዘው 0.06 የተቆረጠው 0.02 ብቻ ነው። እኔም የጎደለውን 0.04 ጨምሬ ሁለተኛ አስኬድሁት። ውጤቱ 19.97 ሆነ።

የሆነው ነገር በኋላ ሲታሰብ ግልጽ ነው። የመቁረጫው ስለት ፍጹም ሹል አይደለም፤ ጫፉ ጥቂት ክብነት አለው። የአቆራረጡ ጥልቀት ከዚያ ክብነት ጋር ሲቀራረብ መቁረጫው ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ያሻዋል፤ ቀላል ማሽን ደግሞ ወደኋላ ይለጠጣል። በመጀመሪያው ዙር ያልተቆረጠው 0.04 ሚሜ ጠፍቶ አልቀረም፤ በማሽኑ መለጠጥ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። በሁለተኛው ዙር ጥልቀቱ ለመቁረጥ በቂ በሆነ ጊዜ የቆየውም የተጨመረውም አብረው ተቆረጡ፤ 0.06 እና 0.04 ተደምረው 0.10 ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሙቀት ተጨመረበት። ዘንጉ ከማይክሮሜትሩ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቅ ነበር። የብረት የመስፋፋት መጠን በአንድ ዲግሪ 11.5 ሚሊዮንኛ ገደማ ስለሆነ፣ 20 ሚሜ ብረት በዚህ ልዩነት 0.006 ሚሜ ያህል ይወፍራል። ሲቀዘቅዝ ዘንጉ 19.964 ሚሜ ሆነ። እዚህ ላይ መስተዋል ያለበት፣ የወርክሾፑ አጠቃላይ ሙቀት በራሱ ችግር አለመሆኑ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያው ከሰዓት በኋላ ቢግልም የብረት ማይክሮሜትርና የብረት ዘንግ እኩል ከሞቁ ስህተታቸው ይጣፋል። ጉዳት የሚያደርሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህን ባየሁ ጊዜ የመጀመሪያው ፍላጎቴ ዘንጉን ፈትቶ ጥግ ላይ መወርወር ነበር። ሙያውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለያዙ አንድ አረጋዊ የቶርኖ ባለሙያ ስልክ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ዘንጉን አቀጠንሁት።»

«ከማንድሪኑ ፈትተኸዋል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው አትፍታው፤ መብራቱን አጥፋና ውጣ። ነገ ጧት አስበህ ትመለሳለህ፣ ልጄ።»

ምክሩ ቴክኒካዊ ምክንያት አለው። በባለ ሦስት መንጋጋ ማንድሪን ላይ አንድ ጊዜ የተፈታ ዘንግ ተመልሶ ሲታሰር ቀድሞ በነበረበት ማዕከል ላይ አይቀመጥም፤ የጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር መዛነፍ የተለመደ ነው። ሳይፈታ እስከቆየ ድረስ ግን ቀሪው እርማት ሁሉ ከሌሎቹ ፊቶች ጋር በአንድ ማዕከል ሊሠራ ይችላል። በስህተትና በእርማት መካከል ያለው ሌሊት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አብዛኛው ሊድን የሚችል ክፍል የሚበላሸው በዚያው ቅጽበት በሚደረገው የችኮላ ሁለተኛ ሙከራ ነውና።

የፊት ቀዳዳው እንዴት ሰፋ

የዚህኛው ምክንያት አጭር ነው፤ አሳፋሪም ነው። ቀዳዳው በሌላ ወርክሾፕ በፍሬዛ ላይ ሲቦረቦር 46.95 ሚሜ ደርሶ ነበር። 0.06 ሊጨመርበት ይገባል። የመቦርቦሪያው ራስ ላይ ያለው ቁጥር ግን እንደ እኔ ቶርኖ ዲያሜትርን ሳይሆን ሬዲየስን የሚያመለክት ነበር፤ 0.06 ስሰጠው 0.12 ወሰደ። ቀዳዳው 47.07 ሆኖ ቀረ። ከማያውቁት ማሽን ጋር የተገናኘ ሰው አስቀድሞ በትርፍ ብረት ላይ አንድ ጊዜ ቆርጦና ለክቶ ቁጥሩ የሚናገረውን ማረጋገጥ ነበረበት፤ እኔ አላደረግሁትም።

የላላ መቀመጫ ምን ያመጣል

«ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። መልሱ ጭነቱ በምን አቅጣጫ እንደሚያርፍ ይወሰናል። በእንጨት ቶርኖ ላይ የቺንጋው መሳብና የእንጨቱ ክብደት አቅጣጫቸውን አይለውጡም፤ የሚዞረው ዘንጉ ነው። የኩሽኔታው ቀዳዳ ከ19.990 እስከ 20.000 ሚሜ ስለሚሆን፣ 19.964 በሆነ ዘንግ ላይ ከ0.026 እስከ 0.036 ሚሜ ክፍተት ይኖራል። ዘንጉ በሰፊው ቀለበት ውስጥ ሲንከባለል የሁለቱ ዙሪያ እኩል ስላልሆነ ቀለበቱ በእያንዳንዱ ዙር በልዩነቱ ልክ ወደኋላ ይቀራል። ክፍተቱን 0.03 ብንወስድ የዙሪያው ልዩነት 0.094 ሚሜ ይሆናል። በደቂቃ 1500 ዙር ሲባዛ 141 ሚሜ ነው፤ በሰዓት ደግሞ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል። በዓይን የማይታይ ክፍተት ያለው ዘንግ በአንድ ሰዓት ሥራ ውስጥ በኩሽኔታው ቀዳዳ ውስጥ የአንድ ክፍል ርዝመት ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ቅባት በሌለበት ቦታ የሚደረግ እንዲህ ያለ ጉዞ ቡናማ የብረት ዱቄት ይፈጥራል፤ ዱቄቱ መቀመጫውን ይበላል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ጉዞውም ይፋጠናል።

የውጭ ቀለበቱ ሁኔታ የተለየ ነው። እርሱ ስለማይዞርና ጭነቱም ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ላይ ስለሚያርፍ ጥቂት መላላት ይታገሣል። ኤች7 ለቀዳዳው የተፈቀደውም ለዚህ ነው። ይሁንና 0.07 ሚሜ ከመታገሥ ወሰን ያልፋል፤ ዘንጉ ከፊት በኩል ዝቅ ይላል፣ የእንጨት መቁረጫው ድንገት በያዘ ጊዜም ኩሽኔታው በቤቱ ውስጥ እየዘለለ ይመታል።

የተመዘኑ አማራጮች

በወርክሾፖቻችን በስፋት የሚታየው መፍትሔ መቀመጫውን በሹል ብረት ነጥብ በነጥብ መምታት ነው። እያንዳንዱ ምት በዙሪያው ትንሽ ጉብታ ያወጣል፤ ኩሽኔታውም በጥብቅ የገባ ይመስላል። ነገር ግን የሚሸከሙት የጉብታዎቹ ጫፎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላ ይደፈጠጣሉ። በቶርኖ ላይ የሚወጣው ሸካራ ቅርጽም ከዚህ የተሻለ ወጥነት ይኑረው እንጂ ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ይህን ዘዴ የምቃወመው ስለማይሠራ አይደለም፤ በሚገጠምበት ቀን እጅግ የሚሠራ ስለሚመስል ነው።

ብየዳ ለትልልቅና ቀስ ብለው ለሚዞሩ ዘንጎች የተከበረ ዘዴ ነው። በእኔ ዘንግ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ከለከሉኝ። አንደኛ፣ ብረቱ የምስክር ወረቀት የሌለው በመሆኑ የካርቦን መጠኑን አላውቅም። የካርቦን መጠኑ 0.45 በመቶ አካባቢ የሆነ ብረት አስቀድሞ ሳይሞቅ ቢበየድ፣ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ይሰባበራልም። ስንጥቁ ደግሞ የሚጀምረው ጭነቱ በሚበዛበት በትከሻው ሥር ነው። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ ቀጭኑን ዘንግ ያጎብጠዋል፤ በልካቸው የወጡት ፊቶች ሁሉ ከእርሱ ጋር ይዛነፋሉ። አንዱን ስህተት ለማረም አምስት ትክክለኛ ልኬቶችን መክፈል አይገባም።

የማጣበቂያውን ጉዳይ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ሲሊንደራዊ ክፍሎችን ለማያያዝ የተሠሩ ማጣበቂያዎች አሉ፤ ለምሳሌ ሎክታይት 638 እስከ 0.25 ሚሜ የሚደርስ ክፍተት እንዲሞላ የተሠራ ነው። 0.03 ሚሜ ለእርሱ ቀላል ነው። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ማጭበርበር ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን አልስማማም። በትክክል ከተጸዳና ክፍሎቹ በአንድ ማዕከል ተይዘው ከደረቀ ተገቢ የምሕንድስና መፍትሔ ነው። ችግሩ «በአንድ ማዕከል» የሚለው ሐረግ ላይ ነው። ክፍተት ያለው ዘንግ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ያርፋል፤ ማጣበቂያውም ያንን መዛነፍ እንዳለ ያጸናዋል። በተጨማሪም ኩሽኔታው ባረጀ ጊዜ ለማላቀቅ ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልጋል። ለኋላ መቀመጫው ሁለተኛ ምርጫዬ ይህ ነበር።

ቡሽንግ ማለትም መቀመጫውን ይበልጥ አቅጥኖ ቀጭን ቱቦ በጥብቅ ማልበስ፣ ከዚያም የቱቦውን ውጭ በልኩ መቁረጥ፣ ጥንታዊና አስተማማኝ ዘዴ ነው። ዋጋው አንድ የነበረውን የአገጣጠም ጥያቄ ሁለት ማድረጉ ነው። ዘንጉ ለቱቦው፣ ቱቦው ለኩሽኔታው ልክ መሆን አለባቸው። አንዱን ልኬት የሳተ ሰው ሁለቱን እንደሚያገኝ ምን ዋስትና አለው?

ወደ ጎረቤት መጠን መዛወር

መፍትሔው የመጣው ከኩሽኔታ ማውጫ ሰንጠረዥ ነው። የራዲያል ኩሽኔታዎች የውጭ መጠኖች በአይኤስኦ 15 የተደነገጉ ስለሆኑ ቁጥራቸው አንድ ከሆነ የየትኛውም አምራች ምርት በልኬት አንድ ነው። በ62 የሚጀምሩት ቀለል ያለውን ተከታታይ፣ በ63 የሚጀምሩት ደግሞ ከበድ ያለውን ተከታታይ ይወክላሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ቀዳዳውን ያመለክታሉ፤ ከ04 ጀምሮ በ5 ሲባዙ ዲያሜትሩን ይሰጣሉ፤ 03 ግን 17 ሚሜ ነው። ሁለቱን ተከታታዮች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር ያገኛል። 6204 መጠኑ 20 በ47 በ14 ነው፤ 6303 ደግሞ 17 በ47 በ14 ነው። የውጭ ዲያሜትራቸውና ስፋታቸው አንድ ሆኖ የሚለያዩት በቀዳዳቸው ብቻ ነው። በተመሳሳይ 6205 መጠኑ 25 በ52 በ15 ሲሆን 6304 ደግሞ 20 በ52 በ15 ነው። 6202 እና 6300ም 35 ሚሜ የውጭ ዲያሜትርና 11 ሚሜ ስፋት ይጋራሉ። ከዚያ በላይ ዝምድናው ይላላል፤ ለምሳሌ 6206 እና 6305 ሁለቱም 62 ሚሜ ቢሆኑም ስፋታቸው በ1 ሚሜ ይለያያል።

ይህ ማለት የቀጠነው የኋላ መቀመጫ ወደ 17 ሚሜ ቢወርድ 6303 በነባሩ 47 ሚሜ ቤት ውስጥ ያለ ለውጥ ይገባል። የሰፋው የፊት ቀዳዳ ወደ 52 ሚሜ ቢቦረቦር ደግሞ 6304 በነባሩ 20 ሚሜ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። የመሸከም አቅሙም አይቀንስም። የተለዋዋጭ ጭነት መጠኑ እንደ አምራቹ ጥቂት ቢለያይም ለ6204 ወደ 13፣ ለ6303 ወደ 14፣ ለ6304 ወደ 16 ኪሎኒውተን ነው። የእንጨቱን ክብደት በይበልጥ የሚሸከመው የፊቱ ኩሽኔታ መሆኑን ስናስብ፣ ከስህተቱ በኋላ የተገኘው ንድፍ ከመጀመሪያው የተሻለ ሆኖ መገኘቱን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። በነገራችን ላይ ይህን ለአረጋዊው ባለሙያ በደስታ ስነግራቸው «አዎ፣ ይታወቃል» ብለውኝ ዝም አሉ።

ክፍያው የሚገኘው በዘንጉ ጥንካሬ ላይ ነው። የመታጠፍ ጥንካሬ ከዲያሜትሩ ሦስተኛ ኃይል ጋር ስለሚሄድ ከ20 ወደ 17 መውረድ 61 በመቶውን ብቻ ያስቀራል። የግትርነቱ መጠን በአራተኛ ኃይል ስለሚሄድ ወደ 52 በመቶ ይወርዳል። ይህ የሚያስፈራ ቢመስልም የጭነቱን መጠን ማስላት ይገባል። ሞተሩ 0.55 ኪሎዋት ነው፤ በደቂቃ 1500 ዙር ላይ የሚሰጠው ጉልበት 3.5 ኒውተን ሜትር ነው። በ17 ሚሜ ዘንግ ላይ ይህ የሚፈጥረው የመጠምዘዝ ጫና 3.6 ሜጋፓስካል ብቻ ነው። ከኩሽኔታው 100 ሚሜ ርቆ የታሰረ 5 ኪሎ እንጨት በዚሁ ዲያሜትር ላይ ቢያርፍ እንኳ የመታጠፍ ጫናው 10 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። መቁረጫው ድንገት ሲይዝ ጭነቱ አሥር እጥፍ ይሆናል ብዬ ብገምት፣ 100 ሜጋፓስካል ላይ እንደርሳለን። ይህም ለተራ ብረት ከመዘርጊያ ወሰኑ በታች ነው፤ የትከሻው ሥር ግን ጫናውን ስለሚያባዛ ስል ማዕዘን ሊኖረው አይገባም። የ6303 የማዕዘን ክብነት ቢያንስ 1 ሚሜ ስለሆነ የዘንጉ ሥር በ0.8 ሚሜ ክብ ተሠራ። ከዚህም በላይ ቀጭኑ ክፍል ከኋላ፣ ከእንጨቱ ርቆ ነው። ቀጥኖ የነበረው የፊቱ መቀመጫ ቢሆን ኖሮ ይህን ዘዴ አልመርጥም ነበር፤ ዘንጉን እጥለው ነበር።

አፈጻጸም

በዚህ ጊዜ የመጨረሻው ልኬት ከ17.001 እስከ 17.012 ሚሜ ነው። የቀድሞው ስህተት እንዳይደገም 17.20 ላይ ቆሜ ዘንጉ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ከዚያ የቀረውን 0.20 በሁለት እኩል ዙር ከፈልሁት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለቱ ዙሮች ጥልቀታቸው እኩል ከሆነ ማሽኑም እኩል ይለጠጣል፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ልምምድ ይሆናል። የመጀመሪያው 0.10 ታዝዞ 0.095 ቆረጠ። ቀሪውን እርማት የሰጠሁት በላይኛው ተንሸራታች ነው። ተንሸራታቹ ከዘንጉ አቅጣጫ ወደ 5.7 ዲግሪ ሲዞር፣ በቁጥሩ ላይ የሚታየው 0.01 ሚሜ ወደ ዘንጉ የሚጠጋው 0.001 ሚሜ ብቻ ነው። ውጤቱ በቀዝቃዛ ዘንግ ላይ 17.007 ሚሜ ሆነ።

ሊረሳ የሚችል አንድ ነገር ነበር። ለ6204 የተዘጋጀው 26 ሚሜ ትከሻ ለ6303 ይበዛል፤ የኩሽኔታውን የጎማ መዝጊያ ይነካዋል። ስለዚህ ወደ 23 ሚሜ ወረደ። ይህ ሳይደረግ ቢገጠም ኖሮ ኩሽኔታው ይሞቅ፣ እኔም ምክንያቱን በሌላ ቦታ እፈልግ ነበር።

ቤቱን መቦርቦር ከቁርጠቱ ይልቅ በዝግጅቱ አደከመኝ። አዲሱ 52 ሚሜ ቀዳዳ ከኋላው 47 ሚሜ ቀዳዳ ጋር አንድ ማዕከል ሊኖረው ግድ ነው፤ የተበላሸው የፊት ቀዳዳ ግን ለዚህ ምስክር ሊሆን አይችልም። ብሎኩ በፍሬዛው ላይ ከታሰረ በኋላ ባለ መርፌ መለኪያ በኋላው ቀዳዳ ውስጥ እየዞረ እስከ 0.01 ሚሜ ድረስ ተስተካከለ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ቀዳዳው 51.998 ሚሜ ላይ ቆመ። ኤች7 ሳይሆን ጠበቅ ያለውን ጄ7 የመረጥሁት አሉሚኒየም ከብረት በእጥፍ ስለሚሰፋ ነው፤ ቤቱና ኩሽኔታው በ30 ዲግሪ ቢሞቁ 0.018 ሚሜ ያህል ተጨማሪ መላላት ይፈጠራል። የ6304 ስፋት በ1 ሚሜ ስለሚበልጥም ከፊት ያለው ክዳን ወደ ውስጥ የሚገባው ጠርዝ በዚያው ልክ ተቀነሰ።

የተሰበረው ታፕ

ይህ ክፍል ከዋናው ርዕስ ትንሽ ይርቃል፤ ሆኖም በአሉሚኒየም ለሚሠሩ ሁሉ ስለሚጠቅም አልተውሁትም። የክዳኑን ቡሎኖች ለማሰር የኤም5 ጥርስ ሳወጣ ታፑ በሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ተሰበረ። 4.2 ሚሜ መሰርሰሪያ አጥቼ በ4.0 ስለሰረሰርሁ ነው፤ የሁለት አሥረኛ ቁጠባ ነበረች። ታፕ ከመሰርሰሪያ የበለጠ ወይም እኩል ስለሚጠነክር ሰርስሮ ማውጣት አይቻልም።

በሻብ ማፍላት ግን ይቻላል። ሻብ ማለትም የአሉሚኒየምና የፖታሲየም ሰልፌት ጨው በሙቅ ውኃ ሲሟሟ ጥቂት አሲድነት ያለው ፈሳሽ ይሰጣል። ፈሳሹ ብረትን ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ አሉሚኒየሙን ግን በላዩ ያለው የኦክሳይድ ልባስ ስለሚጠብቀው ብዙም አይነካውም። ብሎኩ ሙሉ በሙሉ ተጠልቆ ፈሳሹ ወደ መፍላት በተጠጋ መጠን በሁለት ቀን ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ቆየ። ከታፑ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ሲወጡ ማየት ሥራው መጀመሩን ያሳያል። በመጨረሻ ቀሪው ጥቁር ቅርፊት በመርፌ ተነቅሎ ወጣ። ማሰሮው የብረት መሆን የለበትም፤ ፈሳሹ እርሱንም ይበላልና። እኔ የተጠቀምሁት የእናቴን የሸክላ ድስት ነው። «ድስቴን ለብረት ወጥ!» ብለው የተናገሩት ቃል ትክክል ነበር፤ ድስቱ ወደ ማድ ቤት አልተመለሰም፣ አዲስም ገዝቻለሁ። ዘዴው የብረት ማስገቢያ ወይም ቡሎን በተገጠመበት ብሎክ ላይ መሞከር የለበትም፤ ከብረት በተሠራ ቤት ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም።

ምልክት ማድረግ

የታረመ ክፍል ከውጭ ሲታይ ያልተበላሸ ይመስላል። በዚህ ማሽን ላይ አሁን ፊትና ኋላ የተለያዩ ኩሽኔታዎች አሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚፈታው ሰው፣ ምናልባትም እኔው ራሴ፣ አንዱን አይቶ ሁለት ተመሳሳይ ይገዛል። በኋላ በኩል ያለው የዘንጉ ጥንካሬ መቀነሱንም አያውቅም፤ ትልቅ ሞተር ሊገጥምበት ይችላል። ስለዚህ በቤቱ ፊት ላይ 6304፣ በኋላው ላይ 6303 በቁጥር መምቻ ተመታ። ከኋላው ቁጥር ሥር «17» እና «0.55» ተጨመሩ፤ የዘንጉ ዲያሜትርና ዘንጉ የተሰላበት የሞተር ኃይል ናቸው። ንድፉም በታረመው ልክ እንደገና ተስሎ የቀድሞው ላይ መስቀል ተደረገበት።

ማሽኑ ያለ እንጨት ለሁለት ሰዓት ሲዞር የወርክሾፑ ሙቀት 24 ዲግሪ ነበር። የፊት ኩሽኔታው ቤት 44፣ የኋላው 39 ዲግሪ ላይ ረጉ። የዘንጉ አፍንጫ መዛነፍ 0.02 ሚሜ ነው። ከሃምሳ ሰዓት ሥራ በኋላ የኋላው ኩሽኔታ ተፈትቶ መቀመጫው በማይክሮሜትር እንደገና ይለካል፤ ቡናማ ዱቄት ከተገኘ 17.007 የተባለው ልኬት የተነበበው በሞቀ ዘንግ ላይ ነበር ማለት ነው።